የፕሮጀክተሩ ልክ

ልብስ ሰፊው በሚስቱ ቀንቶ ከሰውነት ተራ ወጥቷል። የሚጠረጥረው የጎልፍ አሰልጣኟን ነው። ሚስቱ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ እያንጎራጎረች ነው። አሰልጣኙ ደግሞ ሎጋ፣ ትከሻው የበር ስፋት የሚያህል። አንዴ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ለክቶታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የእግሩ ቁመት ከልብስ ሰፊው ሐሳብ አልጠፋም።

እንዳትሄድ ቢከለክላት ቅናተኛ መባሉ ነው። ስለዚህ ሜዳውን ራሱን ቤት ሊያመጣው ቆረጠ፤ ጎልፍ ቤት ውስጥ የሚያጫውት መሣሪያ ሊያስገጥም። ኳሷን ትልቅ ሸራ ላይ ትመታለች፣ ፕሮጀክተሩ ሜዳውን ሸራው ላይ ያሳያል፣ የቀረውን ኮምፒውተር ያሰላል።

"ቤትሽ ሆነሽ ትለማመጃለሽ፤ ምን ያንከራትትሻል?" አላት።

ይከፋታል ብሎ ነበር። እሷ ግን "እሰይ! ጓደኛዬ ቤት የገጠመ ባለሙያ አለ" ብላ ስልክ ቁጥሩን ሰጠችው።

ሲደውል ባለሙያው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"የሸራው ስፋት ስንት ነው?"

"አራት ሜትር።"

"በቃ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ቅዳሜ የመጣው አጭር፣ መነጽራም፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። "ሰፈራችሁን አላውቀው፣ ስዞር ቆየሁ" ብሎ በሩ ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ሚስትየው "እንደምን አደሩ" ብላ ቀዝቃዛ ሰላምታ ሰጥታው ወደ ጓዳ ገባች። የልብስ ሰፊው ልብ አረፈ። ምነው አሰልጣኙንም እንዲህ ባደረገው!

መሣሪያው የሚገጠምበት ክፍል ጣሪያው በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ያለ ነው። ባለሙያው ሜትሩን ከሸራው ጀምሮ ወለሉ ላይ ዘረጋ።

"ጋሼ፣ የዚህ ፕሮጀክተር ቁጥር ዜሮ ነጥብ ሰባት ነው። በሸራው ስፋት ሲባዛ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ይሆናል። እዚህ ጋ ይሰቀላል። ቢርቅ ሥዕሉ ከሸራው ይተርፋል፣ ቢቀርብ ያንሳል።"

"የሚመታውስ የት ይቆማል?"

"ከፕሮጀክተሩ ኋላ። ጥላው ሸራው ላይ እንዳይወድቅ ነው።"

"ረጅም ሰው ቢሆንስ?"

"የእሱም አይወድቅም።"

"እንዲወድቅበት ማድረግ አይቻልም?"

ባለሙያው ሳቀ። "ምነው ጋሼ፣ ማን ሊመጣብዎት ነው?"

"እንዲያው ነው" አለ ልብስ ሰፊው አፍሮ።

ባለሙያው ከቦርሳው የብረት ቧንቧ አውጥቶ መሰላሉ ላይ ወጣ። ቧንቧውን ሳይቆርጥ ሳይቀጥል ከጣሪያው ጋር አሰረ፤ ፕሮጀክተሩን ጫፉ ላይ ገጠመው። ሲበራ ሥዕሉ የሸራውን አራት ጠርዝ እኩል ነካ። ከላይም ከታችም ጣት ታህል የተረፈ የለም።

"እጅህ ይባረክ!" አለ ልብስ ሰፊው። "ሃያ ዓመት መቀስ ስይዝ እንዲህ ልክክ ያለ ነገር አላየሁም።"

ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ልብስ ሰፊው የድሉን ነገር ማሳደር አልቻለም፤ ወዲያው ለአሰልጣኙ ደወለ።

"ባለቤቴ ከእንግዲህ አትመጣም። ሜዳው ቤታችን ገብቷል።"

"እንኳን ደስ ያላችሁ!" አለ አሰልጣኙ። "እኔማ ባለቤትዎ ሦስት ወር ሙሉ ሲጠፉብኝ፣ ታመው ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር።"

ስልኩን ዘጋው። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ታንጎራጉራለች።

ቀና ብሎ አየ። ጣሪያውን ማንም አልለካም፤ ቧንቧው ግን በልኩ ተቆርጦ ነው የመጣው።