የመኪናው ዓይን ቆብ

ከጅቡቲ በባቡር የመጣው፣ ቡና የሚለየው ባለዓይን መኪና እኩለ ቀን ላይ ደህናውን ቡና ከግርዱ ጋር ይተፋ ጀመር። የድሬው ቡና መጋዘን ባለቤት፣ ግሪኩ ሙሴ ኮስታ፣ ጠዋት «የመስታወት ዓይኑ ከሰው ዓይን ይበልጣል፤ አይደክም፣ አይጨፈን!» ብሎ አርባዎቹን ሴት ቡና ለቃሚዎች ሊያሰናብት ነበር። አሁን ላቡ እየተንቆረቆረ ብሎን ያጠብቃል፣ መልሶ ያላላል። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት።

ትርንጎን ግን አላስቻላትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ፍሬን ከግርድ ስትለይ የኖረች ሴት፣ ደህና ቡና ሲጣል ቁጭ ብላ ማየት አልሆነላትም። ተነሳች።

«አቦ፣ ተዪው ይታወር!» ብላ ጓደኛዋ ፋርቱን ቀሚሷን ያዘቻት።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ የመኪናውን ዓይን በቅርብ አየችው። «ሙሴ፣ ይሄ ዓይን የማይጨፈን ከሆነ የድሬን አቧራ ማን ያብስለታል?»

መልስ አልጠበቀችም። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ፣ የሕፃን ዓይን እንደሚጠረግ ቀስ አድርጋ መስታወቱን ጠረገችው። ነጠላው ጠቆረ። መኪናው እንደገና ሲነሳ ደህናው ፍሬ ተለይቶ በቦታው ይዘንብ ጀመር።

ሙሴ ኮስታ ከት ብሎ ሳቀ። «በቃ! አንቺ አትሄጂም። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ዓይን ቆብ አንቺ ነሽ!»

ትርንጎ ፋርቱንን በክንዷ ስባ አጠገቧ አቆመቻት። «ዓይን እኮ ሁለት ቆብ ነው ያለው ሙሴ፤ ላይኛውና ታችኛው።»

ይሄኔ ሠላሳ ስምንቱ ሴቶች ከኋላ ባንድ ድምፅ፣ «ሽፋሽፍቱስ?» አሉ።