የመኪናዋ ፊት

አባቷ የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቀው ሲጨርሱ ላባቸውን ጠረጉ። ሳሌም ለመመረቂያዋ የሠራቻት፣ ያለ ሾፌር የምትሄደው ትንሽ መኪና ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ሁለት የወረቀት ዓይኖቿን አፍጥጣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። እንቅስቃሴዋን የሚለካውን ሴንሰር "እኔ ልግጠምልሽ" ብለው የለመኗት እሳቸው ናቸው፤ ከምድር ባቡር ጥገና ክፍል ጡረታ ከወጡ ወዲህ መፍቻ ጨብጠው አያውቁም።

ሳሌም ጎንበስ ብላ አየች። ሴንሰሩ ላይ የተሳለው ቀስት ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሯል።

"አባዬ፣ ቀስቱ ወደ ፊት ይሁን አላልኩህም?"

"ወደ ፊት ነዋ!" አሉ፣ ከአጥሩ ባሻገር በአገጫቸው እየጠቆሙ። "ወደ ጅቡቲ!" በባቡሩ ዘመን ለእሳቸው ፊት ማለት ምን ጊዜም ጅቡቲ ነበር።

መፍቻውን አነሳች። አራቱ ብሎኖች አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ ልክክ ብለው ገብተዋል፤ የአባቷ ጣቶች ገና ከሥራው አልበረዱም፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይደባብሳሉ። መፍቻውን መልሳ አስቀመጠችው። መኪናዋ በየት በኩል እንደምትሄድ የሚነግራት ውስጧ ያለው ኮምፒውተር ነው፤ እሱን በኋላ ከቀስቱ ጋር ታስማማዋለች። የወረቀት ዓይኖቹን በጥፍሯ ቀስ ብላ አነሳችና በቀስቱ በኩል ለጠፈቻቸው።

አባቷ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ተመስገን!" አሉ። "ዓይኗን በጅራቷ በኩል ለጥፈሽባት ሳይ፣ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"