አንቱታ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማረችና መካነ ኢየሱስ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገባች። ባሏን የገደለው ዘፋኝ በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ የራሱ ገጽ አለው፤ ገጹን ደግሞ ማንም ሰው ማረም ይችላል። «በ1998 ዓ.ም. ሰው ገድለው ሃያ ዓመት ተፈረደባቸው» ይላል።

«ተፈረደባቸው?» አለች አብራት የመጣችው የሥራ ባልደረባዋ ታንጉ። «ነፍስ ገዳይነቱ ቀርቶ የነፍስ አባት ሆነ?»

እሷ አልሳቀችም። «ገድለው» የሚለውን «ገድሎ»፣ «ተፈረደባቸው» የሚለውን «ተፈረደበት» አደረገችው። «ተወለዱ»ንም፣ «አገቡ»ንም አላለፈችም። አንቱታውን ከላዩ ላይ አንድ በአንድ ገፈፈችው። በመጨረሻ «ሰው» የሚለውን አጥፍታ የባሏን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጻፈች። የመጣችው ለዚሁ ነበር።

ጽፋ ስታበቃ ስሙን አየችው። ከስሙ በላይ የገዳዩ ፎቶ ማይክራፎን ይዞ ይስቃል።

«በይ አስቀምጪው እንጂ» አለች ታንጉ።

«ከእሱ እግር ሥር? አላስቀምጠውም!»

ስሙን ፊደል በፊደል አጠፋችና «ሰው» ብላ መልሳ ጻፈች። ከዚያ እርማቱን አስቀምጣ ተነሣች።

ገጹ ላይ የባሏ ስም የለም።