የሩዝ ማስጫው ቡድን

ጋዜጠኛው ካሜራውን ወደ ሰብለወንጌል አዞረና «እሺ፣ የክለቡ ታሪክ ከየት ይጀምራል?» አላት። መሠረት የሩዝ መፈልፈያውን ግድግዳ ተደግፋ ትሰማለች።

«ከዚህ» አለች ሰብለወንጌል፣ ሲሚንቶውን በጫማዋ መታ መታ እያደረገች። «ጣና ሞገድን ዛሬ ደሞዝ የሚከፍል፣ በአውቶብስ የሚጓዝ የቅርጫት ኳስ ክለብ ሆኖ ነው የምታዩት። ሲጀመር ግን ሜዳችን ይኼ ማስጫ ነበር። የባለ መፈልፈያው የጋሼ ማረው ሩዝ ደርቆ ሲነሣ እኛ እንገባለን።»

«እኛ» ስትል መሠረት ከራሷ በላይ ወደተሰቀለው አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ቀና አለች። ያንን ቸርኬ ግድግዳው ላይ ቸንክራ ቅርጫት ያደረገችው እሷ ናት። ከገጠር ለትምህርት መጥታ ኳስ መያዝ እንኳ የማታውቀውን ሰብለወንጌልን ያስተማረችውም እሷው። ቡድኑ ባሕር ዳር ሄዶ ክለብ ሊሆን፣ ተጫዋች በሚመረጥበት ዋዜማ ማስጫው ላይ በቀረ ሩዝ ተንሸራተተችና ጉልበቷ ዞረ። በማግሥቱ በእሷ ቦታ ሰብለወንጌል ገባች፤ ተመረጠች፤ ሄደች። መሠረት እዚሁ ወረታ ከተማ ቀርታ መንገድ መገንጠያው ላይ ሩዝ ትቸረችራለች። ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ጎረቤቱ ለሰብለወንጌል እልል ሲል፣ እሷ ደጅ ወጥታ የተስተካከለ ጆንያ ታስተካክላለች።

«ያችን ሴት ታዩአታላችሁ?» ሰብለወንጌል ድንገት እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች። «መሠረት ትባላለች። እሷ ባትኖር ጣና ሞገድ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።»

ካሜራው ዞረ። ስንት ዓመት ይጠራል ብላ የጠበቀችው ስሟ ተጠራ፤ ደስታው ግን አልመጣም። ስሟን እንኳ ያገኘችው ከሰብለወንጌል ተመጽውታ ነው።

«ምን ተሰማሽ?» አላት ጋዜጠኛው።

«ምን ይሰማኛል? እሷው ታውራላችሁ፤ የተጫወተችው እሷ።»

ሰውየው ካሜራውን ይዞ ጋሼ ማረውን ሊያናግር ወደ መፈልፈያው ገባ። ሰብለወንጌል መጥታ እንደ ምንም ብላ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«ተቀየምሽኝ እንዴ፣ መሲ?»

«ኧረ! ምን አድርገሽኝ?»

ሰብለወንጌል ወደ በሩ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለማንም እንዳትነግሪ። ክለቡ አሰናብቶኛል። ይችን ማልያ ስለብስ የዛሬው መጨረሻዬ ነው። ጉልበቴ አለቀ።» የቱታዋን እግር ወደ ላይ ሰበሰበችው።

መሠረት ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ዘሎ ተነሣ። ደስታ መሆኑን ስታውቅ ራሷን ፈራች። «እግዜር ይማርሽ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ዐይኗ ግን ጠባሳው ላይ ቀረ። በአሮጌው ስፌት ላይ አዲስ ስፌት ተደርቦ ቆዳው ተሸብሽቧል። የራሷ ጉልበት አንድ የክለብ ጨዋታ ሳያይ ነው የተበላሸው። ይኼኛው ግን ተሮጦበት፣ ተዘሎበት፣ ሕዝብ እየጮኸለት ነው ያለቀው።

«ያምሻል?» አለቻት።

«ደረጃ ስወርድ።»

መሠረት ጎንበስ አለች። መግዛት የማትችለውን ጨርቅ ገበያ መካከል ቆማ እንደምትዳስስ ሴት፣ ጣቷን በጠባሳው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርጋ አስኬደች።