ቀይ ክር ያለው ማኅደር

በጎርማ ከተማ «አልፋ» የሚባል ሊቅ ሲሞት የልብ ትርታ የሚያዳምጥ የለም፤ ማኅደሩን ያነሳሉ። ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ የቆዳው ማኅደር አንድ ክፍል ሙሉ መጽሐፍ ቢውጥም እንደ ላባ ይቀላል። ነፍሱ ስትወጣ ግን የመጻሕፍቱ ክብደት ሁሉ ይመለሳል።

ከሰዓት በኋላ አልፋ ሲርፊ ጉባኤው መሐል ተዝለፍልፈው ሲወድቁም እንደዚያው አደረጉ። በግርግሩ፣ ከተቀመጡበት በላይ የተሰቀለውን ማኅደር ጎረምሶች ለአራት ታግለው አቃታቸው። ሳይመሽ ቀበሯቸው።

ልጃቸው ያካሬ ማኅደሩን ልትወስድ ስትመጣ፣ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት የአባቷ ጓደኛ አልፋ ጎሮ ብቻ ነበሩ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የለቅሶውን ገንፎ ይበላሉ።

«አይዞሽ ልጄ። ብቻሽን ግን አትችዪውም» አሏት። «አባትሽ መጽሐፍ ላይ ሆዳም ነበር፤ ይኸው የጎረምሶቹን ወገብ ቆረጠ።»

የቀሩት ማኅደሮች ጎን ለጎን ተሰቅለው የነበሩት ሁለቱ ናቸው፤ የአባቷና የእሳቸው። ከባዱ ማንጠልጠያውን ሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል። ያካሬ ተንበርክካ ክዳኑን ገልጣ እናቷ ለአባቷ የጠለፈችውን ቀይ ክር ፈለገች። የለም።

ቀና አለች። ቀይ ክሩ ያለው ገና ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ማኅደር ላይ ነው። በአንድ ጣቷ ብታነሳው ባዶ ይመስል ተከትሏት መጣ።

አባቷ አልሞቱም።

ወደ በሩ ልትሮጥ ዞር ስትል ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ልጄ» አሉ አልፋ ጎሮ፣ ገንፎውን ገፋ አድርገው። «ምነው ዛሬ የምቀምሰው ሁሉ አፈር አፈር አለኝ? በይ እስቲ፣ የእኔን ማኅደር አቀብዪኝ።»