አራተኛው ዘፈን

ዘፋኙ ለአልበሙ ማስታወቂያ ፎቶ የተቀባውን የብር ቀለምና የውሸት ደም ሳይታጠብ ነበር አባቱ ወርክሾፕ የደረሰው። ሰው ላስደንግጥ ብሎ የሠራው የሮክ አልበም ነገ ይወጣል፤ አባቱም አራተኛውን ዘፈን ከሰው አፍ ከሚሰማ እኔው ላሰማው ብሎ ነው። በዘፈኑ ኤሌክትሮኒክ ምት መሀል የሚያጓራው ይኸው የወርክሾፑ የብረት መቁረጫ ማሽን ነው፤ ጩኸቱ ደግሞ የአባቱ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ሁለት ጣቶቹ የተቆረጡ ዕለት። ለሙዚቃው የማሽኑን ድምፅ እየቀዳ ሳለ ነበር አደጋው የደረሰው። ቅጂውን ማጥፋት አቅቶት ከርሞ፣ ጭራሽ ዘፈነበት።

አባትየው ማዳመጫውን በሦስት ጣቱ ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ ጩኸቱን ሰማ። ፊቱ አልተለወጠም።

«መልሰው» አለ። መለሰለት። «አሁንም መልሰው።»

የውሸቱ ደም የልጁን አገጭ ያሳክከው ጀመር። «አባዬ፣ ከከፋህ አሁኑኑ ደውዬ ዘፈኑን ከአልበሙ አስወጣዋለሁ።»

«ዝም በልና ስማ።» አንዱን ማዳመጫ ልጁ ጆሮ ላይ ለጠፈለት። «ከኔ በፊት ማነው የጮኸው?»

ቀጭን ሲጥታ ነበር፤ ልጁ ለዘፈኑ ማሳመሪያ ብሎ ከፍ ያደረገው።

«የማሽኑ ቺንጋ ነው፣ የሚያዞረው ቀበቶ። መጀመሪያ የተበጠሰው እሱ ነው» አለ አባትየው፣ ቀስ ብሎ። «አምስት ዓመት ሙሉ፣ አንቀላፍተህ ነው የተቆረጥከው ስትሉኝ ኖራችሁ። አንተም ጭምር።»