ስምንተኛው ጉድጓድ

ጢኖ በቁመት ከክፍሉ ብታንስም በመለካት ሁሉንም ትበልጥ ነበር።

መምህሯ የሥርዓተ ፀሐይን ትምህርት ሊጨርሱ ሳምንት ሲቀራቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ምርጥ ሙከራ ያሳየች ወይም ያሳየ አንድ ልጅ፣ ቅዳሜ ተራራው ላይ ወዳለው ትልቅ ቴሌስኮፕ አብሯቸው ይሄዳል። መኪናቸው ውስጥ ያለው ትርፍ ወንበር አንድ ነው፤ ሁለተኛ የለም። ጢኖ ያን ቀን ምሳዋን እንኳ በቅጡ አልበላችም።

ከሰማይ የሚወርዱ ድንጋዮች የሚፈጥሯቸውን የጨረቃ ጉድጓዶች መረጠች። ሰፊ ሳፋ ውስጥ ዱቄት ሞልታ በማስመሪያ ደለደለችው። ከዚያ ብይ ከጉልበቷ፣ ከወገቧ፣ ወንበር ላይ ቆማ ከራሷ በላይ እያደረገች ለቀቀች። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጉድጓዱ ይሰፋል። ሰባት ብይ፣ ሰባት ጉድጓድ። ሁሉንም ለክታ መዘገበችና ሳፋውን፣ ጣሪያው ገና አዲስ ቆርቆሮ በለበሰው ዕቃ ክፍል አስቀመጠች።

የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ የክፍል አለቃዋ ዘንድ ነው። አለቃዋን ሁሉም ራዲዮ ይሏታል፤ ማጥፊያ የላትማ። እሷም በክር የታሰረ ኳስ እያዞረች፣ ፕላኔቶች ለምን ፀሐይ ላይ እንደማይወድቁ ታሳያለች። ቆንጆ ሙከራ ነው፤ ጢኖን ያሰጋትም እሱ ነው።

«ጢኖዬ፣» አለች ራዲዮ በሩን እየቆለፈች፣ «ጨረቃሽ ጉድጓድ አንሷታል። አንድ ልጨምርልሽ?»

«ንኪውና ታዪኛለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት በሩ ሲከፈት ጉድጓዶቹ ስምንት ሆነዋል። ስምንተኛው ሰፊ ነው፤ ዱቄቱን ግድግዳው ድረስ ረጭቶታል። ጢኖ እጇን ሰዳ ከሥሩ የሎሚ ያህል ድንጋይ አወጣች፤ ጥቁር፣ የተጠበሰ የሚመስል፣ ለመጠኑ የሚከብድ። በንዴት በመስኮት ወረወረችው። ውጭ ግንበኞች ጠጠር እየዛቁ ሲሚንቶ ማደባለቂያው ውስጥ ይጨምራሉ። ድንጋዩ ክምሩ ላይ አረፈ፤ በሚቀጥለው አካፋ ገባ።

«እኔ አይደለሁም፣» አለች ራዲዮ። «እናቴ ትሙት።»

«ታዲያ ቁልፉ እግር አውጥቶ ሄደ?»

መምህሯ ተጠርተው መጡ። ጉድጓዱን ራሳቸው ለክተው ከጢኖ ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩት።

«ይሄ ዝም ብሎ በመልቀቅ የሚመጣ አይደለም፣» አሉ። «ጣሪያው ጋ ወጥተሽ ብትለቂው እንኳ እንዲህ አይሰፋም።» ወደ ራዲዮ ዞሩ። «ባለ በሌለ ኃይልሽ ነው የወረወርሽው። ምን በድላሽ ነው ልጄ?»

ራዲዮ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ቁልፉን አምጪ። ጢኖ፣ ቅዳሜ በጠዋት ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።»

ራዲዮ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች ወጣች። መምህሯም ተከተሏት።

ጢኖ ብቻዋን ቀርታ የተረጨውን ዱቄት መጥረግ ጀመረች። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው፣» አለች ለራሷ። ቴሌስኮፑ ውስጥ መጀመሪያ የምታየውን እያሰበች ነበር። ጨረቃን ነው ወይስ የሳተርንን ቀለበት?

ከጠዋት ጀምሮ ከብዶ የነበረው ደመና መዝነብ ጀመረ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስምንተኛው ጉድጓድ መሃል ጠብ አለች። ጢኖ ቀና ስትል፣ ልክ ከሳፋው በላይ፣ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ በተበሳ ቀዳዳ፣ የሎሚ ያህል ሰማይ ይታያል።